ቲማቲም በግሪንሃውስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ገጽ ያዘጋጀሁት በላስቲክ ቤት አትክልት ለምታመርቱ ወይም ለመጀመር ለምታስቡ ነው። ጥያቄዎቹን ስልክ ላይ፣ እርሻ ላይ፣ ቡና እየተጠጣም ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ። በብዛት የማወራው ስለ ቲማቲም ነው። ለቃሪያና ለኩከምበርም ብዙው ይሠራል። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን የኛው ነው።

ላስቲክ ቤት ከሠራሁ ምርቱ በራሱ አይጨምርም?

አይጨምርም። ላስቲኩ ዝናብ ይከለክላል፣ ነፋስ ይመልሳል፣ ሌሊቱን በትንሹ ያሞቃል። ግን ቀን ሙቀት ያጠራቅማል፣ እርጥበት ያፍናል፣ አበባ የሚጎበኙትን ነፍሳት ደጅ ያስቀራል። ውጭ ሳለ ነፋሱና ንቡ በነፃ ይሠሩለት የነበረውን አሁን እናንተ ልትሠሩለት ነው። ስለዚህ ቤቱን ከማቆማችሁ በፊት ተክሉን እወቁት። ብረቱና ላስቲኩ ላይ ያለቀው ብር ብዙ ነው፤ ስለ ተክሉ ለማወቅ የሚወጣው ግን ትንሽ ነው። ሰው በብዛት የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ሆላንዶች ከአንድ ካሬ ሜትር በዓመት 60፣ 70 ኪሎ ያወጣሉ ይባላል። እውነት ነው? እኛስ እንችላለን?

እውነት ነው። ዘመናዊ የመስታወት ቤት ያላቸው ጎበዝ አምራቾች እዚያ ይደርሳሉ። አንዱ ተክል አሥራ አንድ ወር ያህል ይቆማል። ገመድ ላይ እየተንጠለጠለ፣ ከታች ቅጠሉ እየተነሳና ግንዱ ዝቅ እየተደረገ፣ ርዝመቱ ከአሥር ሜትር ያልፋል። ማሞቂያ አለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨመራል፣ ውሃው በኮምፒውተር ይለካል። ከጀርባው ደግሞ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብላይስዋይክ ከተማ የሙከራ ግሪንሃውሶች ውስጥ ለዓመታት የሠሩት ሥራ አለ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የሆላንድ ጠላት ጨለማና ብርድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ስምንት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ተመራማሪዎቻቸው ብርሃን በአንድ በመቶ ሲቀንስ ምርትም በአንድ በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ለዚህ ነው መስታወቱን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁት።

የኛ ቀን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ፀሐይ አላጣንም። የኛ ጠላቶች የቀትር ሙቀት፣ የደጋ ሌሊት ብርድ፣ የክረምት እርጥበት፣ ነፍሳትና የአፈር በሽታ ናቸው። የሆላንድን ቤት ገልብጦ ሞጆ ላይ መትከል የሌላ ሰው መነጽር እንደማድረግ ነው። ለኛ የሚቀርበው ደቡብ ስፔን ያለው አልሜሪያ ነው። እዚያ 30,000 ሄክታር ገደማ መሬት በላስቲክ ቤት ተሸፍኗል። አብዛኛው ማሞቂያ የለውም። ሲሞቅ ጣሪያውን ነጭ ይቀቡታል፣ ሲበርድ ያጥቡታል። እንዲህ ያለው ዘዴ ለኛም ይሆናል።

አበባው ያምራል፣ ግን ይረግፋል። ፍሬ አይዝም። ምን ሆኖ ነው?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ሙቀት ወይም መንቀጥቀጥ።

መጀመሪያ ሙቀቱ። የቲማቲም የወንዴ ብናኝ ስስ ነው። ቀን ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊት ደግሞ ከ13 ዲግሪ ሲወርድ ብናኙ ይበላሻል ወይም በደንብ አይወጣም። በደጋ ላስቲክ ቤት ሁለቱም በአንድ ቀን ይደርሳሉ። ቀትር ላይ ተዘግቶ ይግላል፣ ንጋት ላይ ይበርዳል። ባለቤቱ የሚገባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ሁለቱንም አያያቸውም። «ቤቱ ደህና ነው» ይላል።

ቀጥሎ መንቀጥቀጡ። እስቲ አንዲት የቲማቲም አበባ ጠጋ ብላችሁ እዩ። መሐሏ ላይ ቢጫ ሾጣጣ ቱቦ አለ። ብናኙ ያለው ቱቦው ውስጥ ነው፤ የሚወጣውም ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ደርቆ፣ ጥቁር ወረቀት ከአበባዋ ሥር ያዙና ዘንጓን በጣት ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ወረቀቱ ላይ ቢጫ ዱቄት ከወደቀ ብናኙ አለ፤ የጎደለው የሚያራግፈው ነው። ምንም ካልወደቀ ችግሩ ሙቀቱ ነው። ይህ ምርመራ አንድ ብር አያስወጣም።

አውሮፓ ውስጥ ድሮ ሠራተኞች በእጅ በሚያዝ ማንቀጥቀጫ እያንዳንዱን ዘለላ ይነኩ ነበር። በ1985 ሮላንድ ደ ዮንግ የተባለ ቤልጂየማዊ የእንስሳት ሐኪም ባምብልቢ የሚባለውን ጠጉራም ትልቅ ንብ ቲማቲም ቤት ውስጥ አስገብቶ ሞከረ። ይህ ንብ አበባውን ተንጠልጥሎ ይይዝና በደረት ጡንቻው ያርገበግበዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአውሮፓ ቲማቲም አምራች በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ንቡ ዞረ።

እኛስ? የማር ንባችን ይህን አይችልም፤ እንዲህ የሚያርገበግብ ጡንቻ አይጠቀምም። ባምብልቢ ደግሞ ከሰሃራ በታች የለም። ማስመጣት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፣ ግን ቺሊ ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። ከአውሮፓ የገባው ንብ አምልጦ የአገሩን ትልቅ ባምብልቢ ክፉኛ አመናምኖታል። እኔ ማስመጣቱን አልደግፍም። እንጨት እየበሳ የሚኖረው ጥቁሩ ትልቅ ንብ ግን የኛ ነው፣ አበባም ማንቀጥቀጥ ይችላል። በአገራችን ግሪንሃውስ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ ተማሪ ሆኖ የመመረቂያ ርዕስ የሚፈልግ ሰው ቢያጠናው በጣም ደስ ይለኛል። እስከዚያው ድረስ የተንጠለጠሉበትን ሽቦ በየቀኑ ጠዋት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ በዱላ መታ መታ አድርጉ። በቂ ነው።

የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ካልሲየም እረጫለሁ፣ አልቆመም።

አይቆምም። ይህ በሽታ አይደለም፣ በሰውም በነፍሳትም አይተላለፍም። ፍሬው ካልሲየም አላገኘም ማለት ነው። አፈራችሁ ግን ካልሲየም ሞልቶት ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ውሃን ተከትሎ ነው። ውሃ ደግሞ ወደሚተነፍሰው አካል ይሄዳል፤ ቅጠሉ ብዙ ይተነፍሳል፣ ፍሬው ግን ቆዳው ድፍን ስለሆነ ትንሽ ብቻ። ቀትር ላይ ሲግል ቅጠሎቹ ውሃውን ሁሉ ይጎትቱታል፣ ፍሬው ይቀራል። ቅጠል ላይ የረጫችሁት ካልሲየም ደግሞ ከቅጠሉ ወጥቶ ወደ ፍሬ አይሄድም። ብሩ ቅጠሉ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውሃውን አታዘበራርቁት። አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሦስት ቀን ማስጠማት ዋናው መንስኤ ነው። በጠብታ መስኖ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጡ። ቀትር ላይ ጥላ አድርጉ፣ ጎኑን ክፈቱ። ዩሪያ አታብዙ። ዩሪያ አፈር ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለወጣል፤ አሞኒየም ደግሞ ሥሩ ካልሲየም እንዳይወስድ ይሻማል። አንድ የማውቀው አምራች ሰብሉ ሲጠቁርበት «ምግብ አንሶት ነው» ተብሎ ዩሪያ ጨመረ። በአሥር ቀን ውስጥ ባሰበት። ምክሩን የሰጠው ሰው ተንኮለኛ አልነበረም፤ ተክሉ ውስጥ ያለውን መንገድ አላወቀውም እንጂ።

ጠዋት ላስቲኩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ይጎዳል?

በጣም። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ከላስቲኩም ይንጠባጠባል፣ ቅጠሉም ላይ ይቀመጣል። ሌት ብላይት የሚባለው ቅጠልና ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታና ግራጫ ሻጋታ የሚጀምሩት እርጥብ ሆኖ በሚያድር ቅጠል ላይ ነው። ክረምት ላይ ሜዳ ያለውን ቲማቲም የሚጨርሰው ሌት ብላይት ነው፤ የቲማቲም ዋጋ ሰማይ የሚነካበትም አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ዝናብ የከለከላችሁለትን ተክል በላቡ አታስመቱት።

ብዙ ሰው ብርድ ፈርቶ ቤቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። የሚሻለው ጣሪያው ጫፍ ላይ ትንሽ ክፍተት መተው ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትከርር ጎኑን ክፈቱ። የታችኛውን ቅጠል አንሱ፣ አየር ይለፍ። ውሃ ማታ አትስጡ።

ነጭ ዝንብና ቱታ አስቸገሩኝ። ያልረጨሁት መድኃኒት የለም።

ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ትንሽ የእሳት እራት ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ በ2006 ስፔን ገባች፣ በ2012 ኢትዮጵያ ደረሰች። ትሏ ቅጠሉን በሁለት ቆዳ መሐል እየሰረሰረች ትበላለች፤ የምትረጩት አያገኛትም። አንዷ እናት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች። ብዙ ዓይነት ፀረ ተባዮችንም ተላምዳለች።

አልሜሪያም እዚህ መንገድ ላይ ነበረች። በ2006 መጨረሻ በቃሪያዋ ላይ የተከለከለ ፀረ ተባይ ጀርመን ውስጥ ተገኘና ገበያዋ ተናጋ። ከዚያ በኋላ አምራቾቹ በፍጥነት ወደ ጠቃሚ ነፍሳት ዞሩ። ቲማቲም ላይ ኔሲዲዮኮሪስ የምትባል ትንሽ አዳኝ ነፍሳት ነጭ ዝንቡንም የቱታን እንቁላልም ትበላለች። አዳኟ ራሷ ግን ምግብ ሲያልቅባት ተክሉን ትወጋለች። መከታተል ይፈልጋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1926 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ቲማቲም አምራች ቅጠል ላይ ካሉት ነጭ የነጭ ዝንብ ግልገሎች መሐል ጥቁር ጥቁር አየ። ቼሸንት ለሚገኘው የምርምር ጣቢያ አሳየ። ጥቁሮቹ ውስጥ ኤንካርሲያ የምትባል፣ አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ተርብ አድጋለች። ጣቢያው አራብቶ ማከፋፈል ጀመረ። ዲዲቲ ሲመጣ ተረሳች፣ ነጭ ዝንቡ መድኃኒቱን ሲላመድ ተመልሳ ተፈለገች። ያ አምራች ቅጠሉን ገልብጦ ባያይ ኖሮ ነገሩ ሁሉ አይጀመርም ነበር።

ይህ እውቀት አገራችንም አለ። የአበባ እርሻዎቻችን ጽጌረዳ ላይ የሚወጣውን ቀይ ሸረሪት ማይት በሚባሉ ጥቃቅን አዳኞች ሲቆጣጠሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ወደ አትክልቱ መሻገር አለበት።

ለአሁኑ፦ ጎንና በሩን በጥቅጥቅ መረብ ሸፍኑ። በሩ ድርብ ይሁን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። ቢጫ ሙጫ ያለው ወጥመድ ስቀሉና በየሳምንቱ ቁጠሩ። መረቡ አየር እንደሚቀንስ ግን አትርሱ፤ ቤቱን ስትሠሩ ጎኑን ከፍ፣ መክፈቻውን ሰፋ አድርጉት።

ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ በአንድ ቀን ይጠወልጋል። ውሃ ብሰጠውም አይነሳም።

ይህንን ቤታችሁ መመርመር ትችላላችሁ። ግንዱን ከታች ቁረጡት። በጠራ ብርጭቆ ውሃ ሞልታችሁ የተቆረጠውን ጫፍ ብቻ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። አትነቅንቁት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ ራልስቶኒያ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ያ ክር በሙሉ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነሥሩ አውጥታችሁ አስወግዱ፣ የቆረጣችሁበትን ቢላ አጽዱ።

ክሩ ካልወጣ ሥሩን ንቀሉና እዩ። እንደ ዶቃ ያበጠ ከሆነ ኔማቶድ የሚባለው ሥር ውስጥ የሚገባ ጥቃቅን ትል ነው። ኔማቶድ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉ። የመቋቋሚያው ጂን ኤምአይ ይባላል፣ ከደቡብ አሜሪካ የዱር ቲማቲም በ1940ዎቹ የተገኘ ነው። ነገር ግን የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ጂኑ ይደክማል። ስለዚህ ውድ ዘር ገዝታችሁ አፈሩን ባዶውን ለፀሐይ ብታጋልጡት ዘሩን ከንቱ ታደርጉታላችሁ። ገለባ አልብሱት።

ሁለት ዘላቂ መንገዶች አሉ። አንደኛው ፀሐይን መጠቀም ነው። በ1976 የእስራኤሉ ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቹ እርጥብ አፈርን በጠራ ላስቲክ ሸፍኖ በሞቃት ወር ለሳምንታት መተው ብዙ የአፈር በሽታዎችን እንደሚገድል አሳዩ። በበጋ፣ በሁለት ሰብል መሐል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይበቃል። ፀሐይ ለሞላው አገር ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ሁለተኛው አንዱን ችግኝ በሌላው ሥር ላይ መቀጠል ነው። ጠንካራ ሥር ያለው ችግኝ ላይ የምትፈልጉትን ቲማቲም ትቀጥላላችሁ። ጃፓንና ኮሪያ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሐብሐብን ዱባ ላይ እየቀጠሉ ነው የተነሱት። ለቲማቲም የሚሆነው ሥር በብዛት ከዱር ቲማቲም ጋር የተዳቀለ ነው። ለባዴንጃን ግን ደስ የሚል ነገር አለ፦ የኛው እምቧይ! በየመንገዱ ዳር የምናየው፣ ቢጫ ፍሬ ያለው እሾሃም የባዴንጃን የሥጋ ዘመድ ነው። ቫሌንሲያ ያሉ ተመራማሪዎች ከእምቧይና ከባዴንጃን የተዳቀለ ሥር ሞክረው ጥሩ ምርት አግኝተዋል።

አደራ፣ ቲማቲምን አስተናግር ላይ እንዳትሞክሩ። የሥሩ መርዝ ወደ ፍሬው ይወጣል። በ1960ዎቹ አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ እንዲህ ካለ ቲማቲም የበላ ቤተሰብ ሆስፒታል ገብቷል።

አፈር ትቼ ሬድ አሽ ላይ ብተክልስ?

ጥሩ ሐሳብ ነው። ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በቅርባችን አለ፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ከአፈር በሽታ ነፃ ነው። የአበባ እርሻዎች ይጠቀሙበታል። ግን ጠጠር ስህተት አይታገሥም። አፈር የተሳሳተ ማዳበሪያ ይይዝላችኋል፤ ጠጠር ላይ በሁለት ቀን ቅጠሉ ይናገራል።

መጀመሪያ ውሃችሁን አስመርምሩ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔትና ሶዲየም ይበዛበታል። ባይካርቦኔት ፒኤቹን (የአሲድነትና የአልካሊነት ልኬቱን) ሽቅብ ይወስደዋል፣ ብረት ማዕድኑ ይታሰርና አዲሱ ቅጠል ከደም ሥሩ በስተቀር ቢጫ ይሆናል። ሥሩ አካባቢ ከ5.5 እስከ 6.5 ፒኤች ይፈለጋል። በአሲድ ይስተካከላል፤ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ አሲድ አትጨምሩ።

ኤልኢዲ መብራትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልገኛል?

መብራቱ አያስፈልጋችሁም። ችግኝ ቤት ጨለማ ካልሆነ በቀር ብሩን ለመረብ አውሉት። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ጎኑ በተከፈተ ቤት ውስጥ አምልጦ ይሄዳል። ጠዋት ቶሎ መክፈት በነፃ ያስገባዋል።

የትኛውን ዘር ልግዛ?

መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው መልካሾላ፣ ቢሾላና ፈጣን ለሜዳ የታሰቡ ናቸው። ቁመታቸው ይቆማል፣ ላስቲክ ቤት ውስጥ ከፍታውን አይጠቀሙበትም። ለግሪንሃውስ እድገቱ የማያቋርጥ ዓይነት ምረጡ። ፓኬቱ ላይ ያሉትን የበሽታ መቋቋሚያ ምልክቶች ሻጩን አስነብቡት። በ2014 በደቡብ እስራኤል የታየው ቡናማ ቫይረስ ለአሥርተ ዓመታት የጠበቀንን ጂን አልፎ ነው የተሰራጨው። በዘር፣ በእጅ፣ በመቀስና በልብስ ይተላለፋል። ስለዚህ ያልታወቀ ዘር አትግዙ፣ እጅ ሳትታጠቡ አትግቡ። ሲጋራ የሚያጨስ ሠራተኛም ይታጠብ፤ ሌላው የትምባሆ ቫይረስ ከዚያ ይመጣል።

የግሪንሃውስ ቲማቲም ለምን አይጣፍጥም?

ቤቱን አትውቀሱት። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ክሊና ባልደረቦቹ 400 ገደማ ዝርያዎችን መርምረው በ2017 እንዳወጡት፣ ዘመናዊዎቹ 13 የጣዕም ሽታዎችን በከፊል አጥተዋል። አዳቃዮቹ ለመጠንና ለመንገድ ጥንካሬ ሲመርጡ ሽታው በዝምታ ወረደ። ሌላው ፍሪጅ ነው። ከ12 ዲግሪ በታች ሽታ የሚሠሩት ጂኖች ሥራቸው ይዳከማል፣ አውጥታችሁ ብታሞቁትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በተለይ ደንበኞቻችሁ ሬስቶራንቶች ከሆኑ ይህን ንገሯቸው። ሲቀላ ቅጠፉ፣ ጥላ ውስጥ አኑሩ።

ኮምፒውተር ብቻውን ግሪንሃውስ ያስተዳድራል ይባላል?

በ2018 ዋገኒንገን ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። አምስት ቡድኖች ከርቀት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩከምበር አመረቱ። ያሸነፈው የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የነበሩበት ሶኖማ የሚባለው ቡድን ነው። እዚያው ቤት በልምዳቸው ካመረቱት የሆላንድ ገበሬዎችም የተሻለ ትርፍ አስመዘገበ። ለኛ የሚጠቅመው ትምህርት ሌላ ነው፦ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ከተለካ ቁጥር ነው። የደጋ ላስቲክ ቤቶቻችንን ዓመት ሙሉ ለክቶ የሚያስቀምጥ ሰው በጣም ያስፈልገናል።

ገንዘቤ ትንሽ ነው። ምን ልግዛ መጀመሪያ?

ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን መዝግቦ የሚይዝ ቴርሞሜትር። ተክሉ ጫፍ ከፍታ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው በካርቶን ከልላችሁ ስቀሉት። ደብተር አብራችሁ ግዙ። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የትናንቱን ከፍተኛ፣ የሌሊቱን ዝቅተኛ፣ ቅጠሉ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን፣ የሰጣችሁትን ውሃ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የወጥመዱን ነጭ ዝንብ ቁጠሩ። ሁለት ወር ጻፉና ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ባለሙያ ሂዱ። ያን ጊዜ የምትጠይቁት ጥያቄም፣ የምታገኙት መልስም ሌላ ይሆናል።